ሽማግሌ የተላከለት እግር

ወንድሜ ጎል ባገባ ቁጥር ሰው ይደበደብ ነበር። ቀልዴን አይደለም። ኳሷ መረቡን ነክታ ሳትመለስ ከሜዳው ዳር አንዱ የአንዱን ኮሌታ ይይዛል፣ ቀበቶ ይፈታል፣ ድንጋይ ይለቀማል፣ እኔም ጫማዬን አውልቄ በእጄ እይዛለሁ። መርካቶ ኳስ የሚያይ ሰው ሊዝናና የሚመጣ የሚመስለው ካለ አንድ እሁድ መጥቶ ይሞክረው። ጥርሱን በኪሱ ይዞ ነው የሚመለሰው።

ወንድሜ የጭድ ተራ ቡድን ዘጠኝ ቁጥር ነበር። ሰፈሩ ጭድ ተራ ይባል እንጂ የእኛ ሱቅ የሚሸጠው የፕላስቲክ ባልዲ፣ ጆግና ሳፋ ነው። ቡድኑን ያቋቋመው አባቴ ከእድር ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ነው። ማልያው ቢጫ የሆነውም በእሱ ምክንያት ነው። ከድሮ መጽሔት የቀደደው አንድ ፎቶ ሱቃችን ግድግዳ ላይ እስካሁን አለ፤ ቢጫ የለበሰ፣ ደረቱ እንደ ቁም ሳጥን የሰፋ ስዊድናዊ አጥቂ አየር ላይ ሆኖ ኳስ በግንባሩ ይገጫል። ወረቀቱ ከጉልበቱ በታች ስለተቀደደ እግሩን አይተነው አናውቅም።

የሰውዬውን ስም አባቴም አያውቀውም ነበር። ታሪኩን ግን ይነግረን ነበር፣ ግማሹን ከሰማው፣ ግማሹን ከሆዱ አውጥቶ። በጃንሆይ ጊዜ ነው አሉ የተጫወተው። ጣሊያን ሄዶ በደሞዝ መጫወት ሲጀምር የገዛ አገሩ «ለገንዘብ የሚጫወት ለእኛ አይሰለፍም» ብላ ተወችው። አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ይናደድ ነበር። «አጥቂን ተከላካይ አይደለም የሚጥለው፣ የራሱ ሰው ነው» ይለን ነበር። እኛ ሻዩን እየጠጣን «እሺ አባዬ» እንለዋለን።

አባቴ ሲሞት ድንኳኑን የተከለው፣ ሳጥኑን የተሸከመው፣ እማዬን ደግፎ ከመቃብር የመለሳት ያው እድር ነው። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ አንድም ግጥሚያ ቀርቶ አያውቅም። ትኩሳት ይዞትም ይገባል፣ ጣቱ ተሰብሮም ይገባል።

የአጥቂነት ታሪኩን ማወቅ የሚፈልግ ገላውን ቢያይ ይበቃዋል። ቅንድቡ ላይ ያለው ስፌት ከአጠና ተራ በረኛ ጋር የተጋጨ ጊዜ ነው። የፊት ጥርሱን ያጣው በክርን ነው። የግራ እጁ ትንሿ ጣት ተጣማ የቀረችው ተረግጣ ነው፤ የረገጣት ልጅ ዛሬም ሱቃችን እየመጣ ባልዲ ይገዛል፣ ዋጋም ይከራከራል። ወንድሜም ቢሆን ጻድቅ አልነበረም። አንዴ የአንዱን በረኛ አፍንጫ በግንባሩ አፍርሶ ጎሉን ካገባ በኋላ ተመልሶ ለሰውዬው ውሃ ሰጠው። ሰውዬው ውሃውን ጠጥቶ ሲያበቃ በቦክስ መታው። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። እንግዲህ እኔ ያደግሁት በእንደዚህ ዓይነት ሰዎች መሃል ነው።

እሁድ እሁድ እማዬ የሞቀ ውሃ በጨው ይዛ ትጠብቀዋለች። ደሙን እያጠበች «አንተ ልጅ፣ የምትሄደው ኳስ ነው ወይስ ጦርነት?» ትለዋለች።

«እማዬ፣ የሚረግጡኝ ስተኛ ነው» ይላታል። «እስካልተኛሁ ድረስ ምንም አልሆንም።»

በእኛ ሜዳ ተመትቶ መሬት ላይ መንከባለል ነውር ነው። የተመታ ይነሳል። አጥንቱም ቢሆን ይነሳል።

አንድ ቀን ክለብ ጠራው። የምር ክለብ፣ በቴሌቪዥን የሚታይ። ሐሙስ ለሙከራ እንዲመጣ ነገሩት፤ አሰልጣኙም ከዚያ በፊት ባለው እሁድ ብቅ ብሎ ሊያየው ነበር። እማዬ ስዕለት ተሳለች። እኔ ራሴ ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ ለአንዱ ደንበኛ ጆግ በነጻ ሰጠሁት፣ እንደዚያ አድርጌ አላውቅም። ዕድሜው እየሄደ ነበርና ይህች ካመለጠች ሌላ እንደማትመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ብቻ ያቺ እሁድ የተራዎቹ ዋንጫ ፍጻሜ ቀን ነበረች። ተጋጣሚያችን ደግሞ ዱባይ ተራ።

ዱባይ ተራ አንድ ተከላካይ አላቸው። ሥራው የጫማ ቦንዳ ተሸክሞ እስከ ላይኛው ፎቅ መውጣት ነው፤ ሌላው ሰው እጁን አወዛውዞ በማይወጣው ደረጃ እሱ ቦንዳ በጀርባው ጭኖ እያፏጨ ይወጣል። ከሜዳ ውጪ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው። ተክለ ሃይማኖት ደጅ እማዬን ሲያገኛት ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም የሚላት። ሜዳ ሲገባ ግን አያድርስ ነው። ባለፈው ዓመት የአንዱን አጥቂ ቁርጭምጭሚት እንዳይሆን አድርጎት ልጁ ኳስን በዚያው ተወ።

ወንድሜን «አሞኛል በልና ቅር» አልኩት። «ለአንድ እሁድ ብለህ ሐሙስን ልታጣ ነው?»

«አባዬን የቀበረ እድር እኮ ነው። ምን ብዬ ነው የምቀረው?» አለኝ።

ማልያውን አጥቤ ሰቀልኩለት።

እማዬ ግን አልተወችውም። ነጠላዋን አጣፍታ የእድሩ ሰብሳቢ ዘንድ ሄደች። ሰብሳቢው የአባቴ ጓደኛ ናቸው፤ በእርጅናም ተረት የማያልቅባቸው፣ ሁለት ተራ ሲጣላ የሚጠሩ ሽማግሌ። እግራቸው ላይ ወድቃ «ለልጄ እግር ይድረሱለት» አለቻቸው። እሳቸውም አሰቡ አሰቡና መፍትሔ አገኙ። ተከላካዩ ዘንድ ሽማግሌ ሊላክ።

«ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው» አሉ። «ሄደን እንለምነዋለን። ሽማግሌ ለምኖት እንቢ የሚል የማን ልጅ ነው?»

እኔ አፌ አይዘጋም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምንም ያልበደለ ሰው ላይ ሽማግሌ ይላካል እንዴ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ለጋብቻ ስንላክ ማን በድሎ ነው?» አሉኝ።

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እማዬም ሳቀች፤ ከስንት ቀን በኋላ። ያን ሳቅ አይቼ ተከራከርኩ ብል ውሸቴን ነው። ለወንድሜ እንዳይነገር ተማማሉ፣ ቢሰማ ደሙ ይፈላል። እማዬ ጉልበቷ ደረጃ ስለማይወጣላት «በእኔ ፈንታ አንቺ ሄደሽ ቁሚ፣ አፍሽን ግን ዝጊ» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። ሰብሳቢው፣ ሁለት የእድር ሽማግሎችና እኔ፣ ገበያው በሚንጫጫበት ሰዓት፣ ጋቢ ለብሰን። በዚያ ፎቅ ላይ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ተሰልፎ ሲመጣ ሰው ወይ ሞት ወይ ሠርግ ነው ብሎ ያስባል። ሻጩ ሻጭነቱን ትቶ ከሱቁ ወጣ፣ ተሸካሚው ቦንዳውን አውርዶ ቆመ። የተከላካዩ አሠሪ ሐጂ ናቸው፤ ደንገጥ ብለው የጫማ ካርቶን ደርድረው አስቀመጡን። ልጁን አስጠሩት። ላቡ እየተንጠባጠበ መጣ፤ ገመዱ ገና ትከሻው ላይ ነበር።

ሰብሳቢው ከተቀመጡበት ተነሱ። የአባቱ እኩያ ሰው ተነስቶለት ልጁ የሚገባበት ጠፋው።

«ልጄ፣ የአጥቂው ልጃችን ዕድል ሐሙስ ቀን ይወጣል» አሉት። «እግሩን ለእኛ ብለህ፣ ለእናቱ ብለህ ማርልን።»

ልጁ ዙሪያውን አየ። ሰው ሁሉ እያየው ነው። «እኔ ምን አደረግኳችሁ?» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ገና ሳልነካው?»

ሐጂ ተቆጡ። በልጁ ሳይሆን በእኛ። «ያልተጣላን ሰው ምን ብላችሁ ነው የምታስታርቁት?» አሉ። ሰብሳቢው ግን መሬት ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ልጁ ሮጦ ያዛቸው፤ ያን አይቶ የሚቆም ማን አለ? «እሺ አባቴ፣ እሺ» አለ። ሽማግሎቹ መረቁት። እኔ ግን ከኋላ የሥራ ባልደረቦቹን እያየሁ ነበር። አንዱ አፉን በእጁ ሸፍኖ ይስቃል። ሌላው «ነገ ሜዳ ላይ ብርድ ልብስ ይዘህለት ግባ» አለው። ደረጃውን ስንወርድ ሳቃቸው እስከ ታች ተከተለን። ሽማግሎቹ ግን ደስ ብሏቸው እየተጨዋወቱ ወረዱ።

እሁድ ሜዳው ጢም አለ። አቧራው ላይ አቧራ። አሰልጣኙ ጥቁር መነጽር አድርጎ ሰብሳቢው አጠገብ ተቀምጧል። ጨዋታው እንደተጀመረ ነገሩ ገባኝ። ወንድሜ ኳስ ሲይዝ ያ ግንብ የሚያክል ሰው ወደ ኋላ ይላል። እግሩን አይዘረጋም። ወንድሜ አንዴ አለፈው፣ ደገመው፣ አገባ። ሰለሰውና ኳሷን በእግሮቹ መሃል አሳልፎ ሌላ አገባ። ጭድ ተራ አበደ። ከወዲያ ደግሞ አንድ ድምፅ ተነሳ፤ የዱባይ ተራ የራሱ ደጋፊ ነው፣ በጭብጨባ፦ «ሽማግሌ! ሽማግሌ! ሽማግሌ!»

ወንድሜ ይህ ምን እንደሆነ ከየት ይወቀው? አርጅተሃል ብለው ተከላካዩን የሚሰድቡ መስሎት እሱም ባሰ። ኳሷን አቁሞ ተቀመጠባት። እግዜር ያሳያችሁ፣ በዚያ ሰውዬ ፊት ኳስ ላይ መቀመጥ። ተከላካዩ ቆሞ አየው። ከንፈሩን ነክሶ ደሙ አገጩ ላይ ወርዷል፤ የነካው ሰው ሳይኖር።

በእረፍቱ ወንድሜ እየሮጠ መጣልኝ፤ ፊቱ ያበራል። «አየሽው?» አለኝ። «እንደዛሬ ተጫውቼ አላውቅም። ፈርቶኛል እኮ!»

ሰብሳቢው ዓይናቸውን አፍጥጠውብኛል። «ጎበዝ፣ ተጠንቀቅ ብቻ» አልኩት።

ከእረፍት ሲመለሱ ጩኸቱ ብሶ ጠበቃቸው። የገዛ ጓደኞቹ ነጠላ ከሴት ነጥቀው እንደ ጋቢ ተከናንበው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ እጃቸውን እየዘረጉ ይለምኑታል፦ «ለእናቱ ብለህ! ለእናቱ ብለህ!» ሰው በሳቅ ፈረሰ። ወንድሜ ኳስ ይዞ መጣ። ተከላካዩ በዚህ ጊዜ ወደ ኋላ አላለም። ሲሮጥ አየሁት። ኳሷን አላያትም፣ አንዴም።

ድምፁን ሜዳው ሁሉ ሰማው፤ ደረቅ አጠና በጉልበት ሲሰበር ያለው ዓይነት ድምፅ። ጭብጨባው ቀጥ አለ። ከዚያ ወንድሜ ያደረገውን እስከምሞት አልረሳውም። ተነሳ። አይተኛም አላልኳችሁም? በእጁ መሬቱን ገፍቶ ተነሳ፣ ያን እግር ረገጠበት፣ እግሩ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጠፈ፣ ወደቀ። እንደገና ሊነሳ ሞከረ። «ተኛ! ተኛ በናትህ!» እያልኩ ስሮጥ ነጠላዬ የት እንደቀረ አላውቅም። አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ ወጥቶ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የነበረው ኳስ አይባልም። ጭድ ተራ ሜዳ ገባ፣ ዱባይ ተራም ገባ። አጠና ተነሳ። ሰው የሰው ጆሮ ሲነክስ አየሁ። ነጠላ ተከናንቦ ይቀልድ ከነበረው አንዱ እጄ ላይ ወደቀ፤ በፕላስቲክ ዱካ አናቱን አልኩት። ዱካው ሲሰበር በስባሪው ደገምኩት። ሲጠሩኝ እንኳን አላቆምኩም። ይቆጨኛል ብዬ አልዋሽም። ተከላካዩ ግን አልሮጠም። እጆቹን አውርዶ ቆመ፣ የእኛ ልጆች በቀበቶ ዘለበት ግንባሩን ሰነጠቁት፣ ጎኑን በእርግጫ አሉት፣ አንድ እጁን እንኳን አላነሳም። ወድቆ ራሱ ወንድሜ ወዳለበት ያይ ነበር። ሰብሳቢው መሃል ገብተው «በእግዚአብሔር» ሲሉ ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው ገፍትሮ ጣላቸው። አሰልጣኙ መነጽሩን አውልቆ ይህን ሁሉ ያያል።

ወንድሜ እግሩ ውስጥ ብረት ገባለት። ሐሙስ መጣ፣ ሐሙስ ሄደ። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እውነት ነው።

ነገሩን የሰማው ሊጠይቁት ከመጡ ጓደኞቹ ነው። አንዱ ምላሱ አዳልጦት «እንግዲህ ሽማግሌ ባይላክበት ኖሮ…» አለ። ወንድሜ አስጨንቆ አወጣጣው። ሁሉም ሲሄዱ «ለዚህ ነው የሚሸሸኝ የነበረው?» አለ። እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። «ልጄ፣ እኔ እኮ ላድንህ ብዬ…»

«ጎሎቹስ?» አላት። «ጎሎቹም ልመና ናቸው?»

እግሩን በትዕግሥት ቻለው፤ ያን ጥያቄ ግን እስካሁን አልቻለውም።

ወራት አለፉ። አሰልጣኙ አጥቂ ፍለጋ መጥቶ ተከላካይ ይዞ ሄደ። አዎ፣ እሱን። ክለቡ የመሃል ተከላካይ ሲያጣ ያን ትልቅ ሰውዬ አስታውሶ አስጠራው። ይህን በሰማሁ ቀን የሱቁን ባልዲዎች በእርግጫ በተንኳቸው፤ እስከ መንገዱ ተንከባለሉ።

ልጁ ግን አልሄድም አለ አሉ። ሳይታረቅ አልሄድም። ስለዚህ ሽማግሌ እንደገና ተሰበሰበ፣ በዚህ ጊዜ በወጉ፣ ከበደል በኋላ። ሐጂም መጡ። በእድራችን አዳራሽ ተቀመጥን። በራፉ ላይ ልጁ ብቅ አለ፤ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። ጥፋተኛ ይቅርታ የሚጠይቀው እንደዚያ ነው፤ ድንጋዩን የሚያወርድለት ደግሞ የተበደለው ራሱ ብቻ ነው። ቦንዳ ይዞ የሚያፏጨው ሰው በዚያ ድንጋይ ሥር ያቃስት ነበር። ግንባሩ ላይ የቀበቶው ጠባሳ አለ።

ወንድሜ በክራንች ተነስቶ ወደ ልጁ ሄደ። ድንጋዩን ለማንሳት ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ክራንቹን ለቀቀ፣ ሲሚንቶው ላይ ተንጓግቶ ወደቀ። ልደግፈው ስነሳ ሰብሳቢው «ተዪው» አሉኝ። በአንድ እግሩ ቆሞ ድንጋዩን አነሳው። ያዘው። ከልጁ እግር በላይ ያዘው። እኔ በልቤ «ጣለው» እል ነበር። «ጣለው ወንድሜ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጣለው።» እውነቴን ነው የምላችሁ።

ድንጋዩን ወንበር ላይ አስቀመጠው። ሊወድቅ ሲል ልጁ ፈጥኖ በብብቱ ያዘው፤ እንደዚያ ተቃቅፈው ቆሙ።

«ይቅር ብያለሁ በል» አሉት ሰብሳቢው።

«ይቅር እለዋለሁ» አለ ወንድሜ። «አንድ ነገር ብቻ።» ልጁን አየው። «እኔን እንደመታኸኝ ሁሉንም ምታ። ጨዋታህ እንደዚያ ከሆነ ኳስ ነው፣ ይሁን፣ እችለዋለሁ። የመታኸው እኔን ብቻ ከሆነ ግን ያኔ ነው የምቀየምህ።»

«ይሄ ይቅርታ ነው ወይስ እርግማን?» አሉ ሐጂ። ልጁ በእሺታ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ እንባው ይወርዳል። ተመራረቁና ተበተንን።

ዛሬ ወንድሜ ሱቁ ውስጥ ከእኔና ከእማዬ ጋር ነው የሚውለው። ያነክሳል፤ ክረምት ሲሆን ብረቱ ይበርደዋል። ከስዊድናዊው ፎቶ በታች ትንሽ ቴሌቪዥን ሰቅለናል፣ ያ ልጅ የሚጫወትበትን ግጥሚያ አያሳልፍም። ሲያይ የባልዲ እጀታ ጨብጦ ነው። ምን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። አንድ ጠንካራ ምት። አንድ ብቻ።

አልመጣም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ የእኛ ጉድ ግን የወጋውም አለመርሳቱ ነው። ያን ሁሉ አጥንት የሰበረው እግር ከዚያ ወዲህ ሰው አይነካም። ተንታኞቹ «ጨዋው ተከላካይ» ይሉታል። ልጁ ተጸጽቶ እንደሆነ ይገባኛል፣ ለወንድሜም ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። «በአንተ ምክንያት እኮ ነው የተለወጠው» እለዋለሁ። አይሰማኝም።

ባለፈው ሰሞን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንድ ቀጭን አጥቂ ኳስ ይዞ ወደ እሱ መጣ። ሊጥለው ይገባ ነበር፤ ሌላ ምርጫ የለውም። እግሩን ዘረጋ፣ አጥቂው እግር ጋር ሊደርስ ሲል መልሶ ሰበሰበው። አጥቂው አለፈ፣ አገባ፣ የተከላካዩ ቡድን ተሸነፈ። የቴሌቪዥኑ ሰውዬ «ምን ዓይነት ርኅራኄ ነው ይሄ» አለ።

ወንድሜ የባልዲውን እጀታ ለቀቀ።

«ለዚህኛው ማን ሽማግሌ ላከለት?» አለ።

እኔን አልነበረም የጠየቀው። እማዬ ከባንኮኒው ጀርባ ጆግ እየወለወለች ነበር። እጇ ቆመ፣ ከዚያ ያንኑ ጆግ እንደገና መወልወል ጀመረች።